«ለሁሉም ሼር አድርጉ» የሚል የጤና መልእክት ሲደርሳችሁ ምን ታደርጋላችሁ?



«ዶክተር፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?» በውስጥ መስመር አዘውትሮ የሚደርሰኝ ጥያቄ ነው። አብሮት የሚላከው አንዳንዴ የቲክቶክ ቪዲዮ፣ አንዳንዴም ማን እንደተናገረው የማይታወቅ የድምፅ መልእክት ነው። ለምትጠይቁኝ አመሰግናለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ሳይጠይቅ መድኃኒቱን የሚያቆመው ሰው ነው።

🔴 ውሸት ለምን ይፈጥናል?

የኤም አይ ቲ ተመራማሪዎች ከ2006 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. በትዊተር የተሰራጩ 126,000 ያህል የዜና ቅብብሎሾችን አጥንተው ውጤቱን በ2018 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አሳትመዋል። ሐሰተኛው ዜና መልሶ የመጋራት ዕድሉ ከእውነተኛው በ70 በመቶ በልጦ ተገኘ። እውነቱ 1,500 ሰው ጋ ለመድረስ የውሸቱን 6 እጥፍ ያህል ጊዜ ወስዶበታል።

«ይሄማ የሮቦት አካውንቶች ሥራ ነው» ትሉ ይሆናል። አይደለም! ሮቦቶቹ እውነቱንም ውሸቱንም እኩል ነበር የሚያሰራጩት። ልዩነቱን ያመጣነው እኛ ሰዎች ነን። ውሸቱ አዲስና አስገራሚ ስለሆነ እጃችን ቶሎ ይዘረጋል። «ጨው ቀንሱ፣ መድኃኒታችሁን በሰዓቱ ውሰዱ» የሚል ምክር ማንን ያስገርማል?

🔴 ጉዳቱ እስከ ምን ድረስ ነው?

በ2020 ኮሮና በተስፋፋበት ወቅት «አልኮል ቫይረሱን ይገድላል» የሚል ወሬ ኢራን ውስጥ ተሰራጨ። ብዙዎች ሜታኖል ያለበት መጠጥ ጠጡ። ሜታኖል ሰውነት ውስጥ ሲገባ የዓይን ነርቭን ወደሚጎዳ አሲድ ይቀየራል። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ፣ ዓይናቸው የጠፋም አሉ። ኮሮና ሳይሆን ወሬ ነው የጎዳቸው።

ጉዳቱ ደግሞ ባመነው ሰው ላይ ብቻ አይቆምም። በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት በእንግሊዝና በአሜሪካ ለሚኖሩ ሰዎች ስለ ኮሮና ክትባት የተሳሳቱ መልእክቶችን አሳይቶ ነበር። «በእርግጠኝነት እከተባለሁ» የሚሉት ድርሻ በሁለቱም አገር በ6 ፐርሰንት ነጥብ ገደማ ቀነሰ። ተላላፊ በሽታ ላይ ይህ ትንሽ ቁጥር አይደለም፤ የአንዱ አለመከተብ ለጎረቤቱም ይተርፋል።

🔴 እኛ ጋስ?

በቅርቡ ያየኋቸው አንድ አባት የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ካቆሙ ሁለት ወር አልፏቸው ነበር። ለምን ስላቸው «ልጄ የላከችልኝ ቪዲዮ ላይ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ይበቃል አለ» አሉኝ። ሆስፒታል የመጡት ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ካለ በኋላ ነው። ልጅቷ እኮ ክፉ አላሰበችም፤ አባቷን ስለምትወድ ነው የላከችው። ቪዲዮውን የሠራው ሰውዬ ግን እኚህን አባት አያውቃቸውም፣ ሊጠይቃቸውም አይመጣም።

ልብ በሉ፣ ነጭ ሽንኩርት ጠላታችን አይደለም፤ ወጣችሁ ውስጥ ይግባ። አደጋው ያለው «በመድኃኒቱ ፋንታ» የምትለው ቃል ውስጥ ነው። ግፊት ሳያሳምም ይጎዳል። ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ታማሚ ደግሞ ካቆመ በቀናት ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

✅ ስለዚህ ምን እናድርግ?

👉 ከማጋራታችሁ በፊት «ይሄ ትክክል ነው?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ቀላል ይመስላል፣ ግን ተሞክሯል፦ ተመራማሪዎች ከ5,000 በላይ የትዊተር ተጠቃሚዎችን የአንድን ርዕስ ትክክለኛነት እንዲገምቱ ሲጠይቋቸው፣ ከዚያ በኋላ የሚያጋሩት ነገር ጥራቱ ተሻሽሏል።

👉 «መድኃኒታችሁን ጣሉ» ወይም «ሐኪሞች የደበቁት» የሚል ነገር ካለበት እዚያው ይቁም።

👉 ተናጋሪው ማነው? ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ሐኪም አይደለም። መጨረሻ ላይ «ለማዘዝ ይደውሉ» ካለ ያያችሁት ማስታወቂያ ነው።

👉 የላከላችሁ እናታችሁ ወይም አክስታችሁ ከሆነች ግሩፕ ላይ አታሳፍሯት። ለብቻዋ ደውሉላት፦ «እማዬ፣ ስላሰብሽልኝ ደስ ብሎኛል፤ ግን መድኃኒትሽን እንዳታቆሚ፣ መጀመሪያ ሐኪምሽን እንጠይቅ» በሏት።

⚠️ ቪዲዮ አይታችሁ መድኃኒት ያቆማችሁ ካላችሁ ሳታፍሩ ዛሬውኑ የሚከታተላችሁን ሐኪም አማክሩ። ያለፋችሁን መጠን ለማካካስ ብላችሁ ግን ደርባችሁ እንዳትወስዱ። ፊት ከተጣመመ፣ አንድ ጎን ከዛለ ወይም ንግግር ከተሳሰረ ደግሞ ሰዓት ሳትቆጥሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል!

ይህንንም ጽሑፍ ቢሆን ሼር የምታደርጉት እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ካመናችሁበት ብቻ ነው 😊 በግሩፓችሁ ውስጥ የሚዞር፣ የተጠራጠራችሁት የጤና መልእክት ካለ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ አብረን እናየዋለን።

ጤና ይብዛላችሁ!