ስለ «ጫማ» ቃል ትርጉምና አመጣጥ

አንድ የሲሪንቃ ሽማግሌ ወደ ሐኪም ቀርበው «የእግሬን ጫማ ያቃጥለኛል» ቢሉ፣ ከሩቅ የመጣው ወጣት ሐኪም ምናልባት ኮንጓቸውን ይመለከት ይሆናል። እርሳቸው ግን የሚናገሩት መሬት ስለሚረግጠው ሥጋቸው ነው። ዛሬ በከተማ ያደግን ሰዎች ጫማ ሲባል የሚታየን ቆዳው፣ ሸራው ወይም በረባሶው ብቻ ሆኗልና የቃሉን ነገር መመርመር ይገባል።

በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሁለቱም ትርጉሞች ይገኛሉ። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 3 ሙሴ እንዲያወልቅ የታዘዘው ጫማ አለ፤ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 11 ምድሪቱን የሚረግጠው የእግር ጫማ አለ። ይህኛው የሚወልቅ አይደለም።

ከሁለቱ የትኛው ይቀድማል? በላቲን «ሶሊያ» ነጠላ ጫማ ነበር፤ እንግሊዞች የእግራቸውን ሥር «ሶል» የሚሉት ከዚያ ወስደው ነው። በእነርሱ ዘንድ ስሙ ከመጫሚያው ወደ ሥጋው ተሻገረ። በእኛ ግን መንገዱ የተገላቢጦሽ ይመስለኛል። ቀድሞ በቤተ ክህነት የጾም ሰዓት የሚታወቀው ጥላን በጫማ በመስፈር ነበር፤ ሰውየው ፀሐይ ላይ ቆሞ የጥላውን ጫፍ ምልክት ያደርግና ተረከዙን ከጣቱ እያገናኘ ይቆጥራል። በባዶ እግሩም ቢቆጥር መስፈሪያው ጫማ ይባላል። የታላቅ ሰው ጫማ መሳምም እንዲሁ ነው፤ የሚከበረው እግሩ እንጂ ቆዳው አይደለም። ደግሞም ግዕዝ ለመጫሚያው «ሣእን» የሚል የራሱ ስም ነበረው።

(ቃል ከአካል ወደ ሌላ አካልም ይዛወራል። በግዕዝ «ሰኰና» የሰው ተረከዝ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱሱም በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 3 በዚሁ ትርጉም አስቀርቶታል። ዛሬ ግን ለሽማግሌው «ሰኮናዎን ያሳዩኝ» ማለት ከበቅሎ ጋር መቍጠር ነው።)

ይህ ሁሉ የቃላት ጨዋታ አይደለም። የሥጋ ደዌ ወይም የስኳር በሽታ እግሩን ያደነዘዘበት ሰው እሾህ ቢወጋው አይሰማውም፤ ስለዚህ የእግሩን ሥር በየቀኑ እንዲመረምር ይመከራል። ሐኪሙ «ጫማዎን ይዩ» ቢለው፣ በሽተኛው ኮንጎውን አራግፎ መልሶ ያጠልቃል፤ ቁስሉም ሳይታይ ይቀራል። ኮንጎውን ማራገፉም መልካም ነው፤ ግን አይበቃም። «ውስጥ እግርዎን ይዩ» ቢለው ግን ሰውየው ቁጭ ብሎ እግሩን ይገለብጣል።