ሹመትና ሽረት በአንድ መድረክ

የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቃለ መሐላ የሚፈጽምበት ጃንዋሪ 20 በእኛ አቆጣጠር ጥር 12 ቀን፣ የቃና ዘገሊላ ዕለት ይውላል። ዋሽንግተን ላይ እኩለ ቀን ሲሆን አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ታቦተ ሚካኤልን ሸኝቶ የተመለሰ ቤተሰብ ማታ ቴሌቪዥኑን ሲከፍት የካፒቶልን ነጭ ጉልላት፣ በብርድ የተኮማተረውን ሕዝብ፣ ካፖርታቸውን ደርበው ደረጃውን የሚወርዱትን ሹማምንት ያያል። ካሜራው የሚከተለው አዲሱን ሰው ነው። እጁን ሲያነሣ፣ ባለቤቱ መጽሐፍ ቅዱሱን ስትይዝለት፣ መድፉ 21 ጊዜ ሲተኮስ፣ ንግግሩን ሲጀምር ሁሉም ነገር ስለ እርሱ ይመስላል። ቀኑም ስሙን ያገኘው ከእርሱ ነው፤ በዓለ ሲመት እንለዋለን። እኔ ግን ይህን ቀን በቅጡ መረዳት የሚሻ ሰው ዓይኑን ከአዲሱ ላይ አንሥቶ፣ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ወደ ተቀመጠው ሰው ቢመልሰው ይሻላል እላለሁ። ያ ሰው ተሰናባቹ ነው። የዕለቱ ከባድ ሥራ የእርሱ ነው፤ መምጣት፣ መቀመጥ፣ ማየት፣ ከዚያም መሄድ። አማርኛችን ለዚህ ነገር «ሹም ሽር» የሚል ቃል አለው። መሾሙንና መሻሩን ነጣጥሎ አያይም፤ አንዱ ያለ ሌላው እንደማይሆን ቃሉ ራሱ ያውቃል። የአሜሪካው በዓልም ትርጉም የሚሰጠው በዚህ ቃል ሲታይ ነው።

ሕጉ ከዚህ ቀን የሚጠይቀው በጣም ጥቂት ነው። ሕገ መንግሥቱ አዲሱ ፕሬዚዳንት ሥራ ከመጀመሩ በፊት በእንግሊዝኛ 35 ቃላት ያሉትን መሐላ እንዲፈጽም ያዛል። ሥራውን በታማኝነት እንደሚያከናውን፣ ሕገ መንግሥቱንም በተቻለው ሁሉ እንደሚጠብቅና እንደሚከላከል ይምላል። በ1933 የጸደቀው 20ኛው ማሻሻያ ደግሞ (እዚህ የምጠቅሳቸው የአሜሪካ ዓመታት በእነርሱ አቆጣጠር ናቸው) የቀድሞው ዘመነ ሥልጣን ጃንዋሪ 20 እኩለ ቀን ላይ እንደሚያበቃ ይደነግጋል። ከዚህ ውጭ ያለው፣ መጽሐፍ ቅዱሱ፣ ንግግሩ፣ የአደባባይ ሰልፉ፣ የማታው ጭፈራ፣ ሁሉም ልማድ ነው። በ1923 ዋረን ሃርዲንግ በድንገት ሲሞቱ ካልቪን ኩሊጅ የማሉት ቨርሞንት ውስጥ በአባታቸው ቤት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ በኩራዝ ብርሃን ነበር፤ ያስማሏቸውም ሰነድ የማረጋገጥ ሥልጣን የነበራቸው አባታቸው ናቸው። ሊንደን ጆንሰን በ1963 ኬኔዲ በተገደሉበት ቀን ዳላስ ላይ በቆመ አውሮፕላን ውስጥ ማሉ። በ2009 ደግሞ ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ አንዲት ቃል ከቦታዋ አዛንፈው ስላስማሏቸው ባራክ ኦባማ ለጥንቃቄ ሲባል በማግስቱ ዋይት ሐውስ ውስጥ ደግመው ማሉ። ሕጉ ለአንዲት ቃል መዛነፍ ይህን ያህል ሲጨነቅ፣ የቀድሞው ፕሬዚዳንት በቦታው ይኑር አይኑር ግን ምንም አይልም። ተሰናባቹ ከመጣ የመጣው ማንም ሳያስገድደው ነው፤ የመምጣቱም ክብደት ከዚህ ይጀምራል።

ልማዱን የጀመሩት ጆርጅ ዋሽንግተን ናቸው። በ1789 ኒው ዮርክ ላይ ሲምሉ የሚሰናበት ፕሬዚዳንት አልነበረም። ማርች 4 ቀን 1797 ፊላዴልፊያ ውስጥ ጆን አዳምስ ሲምሉ ግን ዋሽንግተን በአዳራሹ ነበሩ። አዳምስ ለባለቤታቸው በጻፉት ደብዳቤ የዋሽንግተን ፊት የተረጋጋና ብሩህ እንደነበር፣ እንዲያውም የዕለቱ ባለ ድል እርሳቸው የሆኑ ያህል ደስ ብሏቸው እንደታዩአቸው ገልጸዋል። ይህች ትንሽ ምስክርነት ብዙ ትነግረናለች። ጦር መርቶ ነጻነት ያስገኘ፣ ቢፈልግ ዕድሜውን ሙሉ ሊገዛ ይችል የነበረ ሰው ወንበሩን ለቆ እንደ ተራ ዜጋ ሲቀመጥ፣ ሥልጣን ከሰውየው ሊላቀቅ የሚችል ነገር መሆኑን ታዳሚው በዓይኑ አየ። ልማዱ ግን ገና ከመወለዱ ጠንካራ አልነበረም። አዳምስ ራሳቸው በ1801 በቶማስ ጄፈርሰን ተሸንፈው፣ በበዓሉ ዕለት ገና ሳይነጋ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሠረገላ ተሳፍረው ከከተማዋ ወጡ። ልጃቸው ጆን ኩዊንሲ አዳምስ በ1829፣ አንድሩ ጆንሰንም በ1869 በተተኪዎቻቸው በዓል ሳይገኙ ቀርተዋል። እነዚህ ስሞች እስከ ዛሬ መነሣታቸው ራሱ፣ መቅረት በሕዝብ ዘንድ እንደ ጉድለት እንደሚቆጠር ያሳያል።

ልማዱ የሚፈተነው ሁለቱ ሰዎች ሲዋደዱ አይደለም። ማርች 4 ቀን 1933 ኸርበርት ሁቨርና ፍራንክሊን ሩዝቬልት በአንድ ክፍት መኪና ጎን ለጎን ተቀምጠው ከዋይት ሐውስ ወደ ካፒቶል ሄዱ። በዚያን ጊዜ ከአራት ሠራተኛ አንዱ ሥራ አጥ ነበር፤ ባንኮች በየግዛቱ በራቸውን ዘግተዋል። ቤት ያጡ ሰዎች በቆርቆሮና በካርቶን የቀለሷቸው ሰፈሮች እንኳ «ሁቨርቪል» ይባሉ ነበር፤ የሰውየው ስም የመከራው መጠሪያ ሆኖ ነበር ማለት ነው። በመንገዱ ላይ ሁለቱ እምብዛም አልተነጋገሩም። በፎቶግራፉ ሩዝቬልት ፈገግ ብለው፣ ሁቨር ፊታቸው ጠቁሮ ይታያሉ። ግን በአንድ መኪና ሄዱ። ከ20 ዓመት በኋላ ድዋይት አይዘንሃወር ሃሪ ትሩማንን ለመውሰድ ዋይት ሐውስ ሲደርሱ ቡና ጠጡ ተብለው አልገቡም፤ ከመኪናቸው ሳይወርዱ ጠበቋቸው። ቂሙ ይህን ያህል ነበር፤ መድረኩ ላይ ግን ሁለቱም ነበሩ። ከሁሉ ይበልጥ ልብ የሚነካኝ በ1981 የጂሚ ካርተር መቀመጥ ነው። ቴህራን ውስጥ የታገቱትን 52 አሜሪካውያን ለማስፈታት የመጨረሻዎቹን ሌሊቶች ያለ እንቅልፍ አሳልፈዋል፤ ስምምነቱንም የቋጨው የእርሳቸው መንግሥት ነው። ታጋቾቹ ግን ከ444 ቀን በኋላ ከኢራን የተነሡት ሮናልድ ሬገን ከማሉ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ሆነ። የድካማቸው ፍሬ በሌላው ሰው ዘመን ሲበስል ካርተር እዚያው መድረክ ላይ ነበሩ። ለአንዳንዶች ደግሞ ፈተናው ከሁለት ሳምንት ቀድሞ ይጀምራል። የየግዛቱ ተወካይ መራጮች ድምፅ በኮንግረስ ሲቆጠር ጉባኤውን የሚመራው ምክትል ፕሬዚዳንቱ ነው። ስለዚህ ተወዳድሮ የተሸነፈ ምክትል ፕሬዚዳንት የራሱን ሽንፈት በራሱ አንደበት ያውጃል። ሪቻርድ ኒክሰን በ1961፣ አል ጎር በ2001፣ ካማላ ሃሪስ በ2025 ይህን አድርገዋል። ጎር በመላ አገሪቱ ከተቀናቃኛቸው ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ድምፅ በልጠው፣ ፍሎሪዳን ግን በ537 ድምፅ ያጡ ሰው ነበሩ። ሦስቱም ከቆጠራው በኋላ በበዓለ ሲመቱ ተገኝተዋል።

ይህ ሁሉ ለካሜራ የሚደረግ ትወና ነው፣ ልቡ እየነደደ የሚጨብጥ እጅ ምን ዋጋ አለው የሚል ይኖራል። መልሱ ሩቅ አይደለም። እኛ ዘንድ የተጣላነው ጎረቤት ሐዘን ሲገጥመው ልቅሶ እንደርሳለን። ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ የተቀመጠውን ሰው «ዕንባህ የእውነት ነው ወይ?» ብሎ የሚመረምር የለም፤ መድረሱ ራሱ ቁም ነገር ነው። ያልደረሰው ግን ይታወቃል፤ ስንት ዓመት አልፎም ይነሣበታል። ሥርዓት የተሠራው ስሜት ለማይበቃበት ቦታ ነው። ሁቨር ሩዝቬልትን ቢወዱ ኖሮ በአንድ መኪና መሄዳቸው የሁለት ወዳጆች ጉዞ ብቻ በሆነ ነበር። ስላልወደዱ ግን፣ ያ ዝምታ የሞላው ጉዞ አንድ ሰው ከንዴቱ በላይ የሚያከብረው ነገር እንዳለ ለሕዝብ የታየበት ሆነ።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሥልጣን የሚሻገረው በሰዓት እንጂ በሰው መገኘት አይደለም የሚለው ነው። ማስረጃውም 2021 ነው። ጃንዋሪ 6 ቀን የምርጫው ውጤት እንዳይጸድቅ የፈለጉ ሰዎች ካፒቶልን ሰብረው ገቡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዶናልድ ትራምፕ፣ ጆ ባይደን ሳይምሉ ጠዋቱን ወደ ፍሎሪዳ በረሩ። ያም ሆኖ እኩለ ቀን ሲደርስ ሥልጣኑ ተሻገረ። የኑክሌር ጦር መሣሪያ ትእዛዝ ከሚተላለፍባቸው ቦርሳዎች አንዱ ከትራምፕ ጋር ሄዶ፣ ሌላው ዋሽንግተን ላይ ለባይደን ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሰዓቱ ሲደርስ የቀድሞው ፕሬዚዳንት መለያ ኮድ ሥራውን አቆመ። ታዲያ የተሰናባቹ መቅረት ምን አጎደለ? የጎደለው በዚያው ቀን በከተማዋ ጎዳናዎች ላይ ይታይ ነበር። ወደ 25 ሺህ የሚጠጋ የብሔራዊ ዘብ ጦር ዋሽንግተንን ይጠብቅ ነበር። ካፒቶል በረጅም አጥር ታጥሮ ነበር፤ ከፊቱ ያለው ሰፊ ሜዳ ሕዝብ በሚቆምበት ፋንታ ባንዲራ ተተክሎበታል። የሜዳው ባዶነት ከፊሉ የኮሮና ወረርሽኝ ያመጣው ነው፤ ይህን መዘንጋት ተገቢ አይሆንም። የወታደሩ ብዛት ግን በወረርሽኙ አይሳበብም። ሰዓት ሥልጣንን ያሻግራል፤ የተሸናፊውን ደጋፊ ግን ማሻገር አይችልም። ለመረጡት ሚሊዮኖች «አልቋል፤ ይህ ሰው ፕሬዚዳንታችሁ ነው» ብሎ በሚያምኑት አፍ ሊነግራቸው የሚችለው ተሸናፊው ብቻ ነው። መድረኩ ላይ ሲቀመጥ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ይህን ይነግራቸዋል። የትራምፕ ምክትል ማይክ ፔንስ በዚያ ቀን በመገኘታቸው ከፊሉን ሸክም ተሸክመዋል፤ የዋናውን ሰው ወንበር ግን ምክትል አይሞላውም። በ2025 በብርዱ ምክንያት በዓሉ ወደ ካፒቶል ውስጥ ሲገባ፣ ባይደንና ሃሪስ ትራምፕ ሲምሉ በቅርብ ተቀምጠው ተመለከቱ። አራት ዓመት ተቋርጦ የነበረው ልማድ የተቀጠለው በተሰናባቾቹ ፈቃድ ነው።

የ1861ን ጉዳይ ግን በቀላሉ ማለፍ አይቻልም። ማርች 4 ቀን ጄምስ ቡካናን ከአብርሃም ሊንከን ጋር በአንድ ሠረገላ ሄደዋል፤ በየጣሪያው ላይ አነጣጣሪ ተኳሾች ነበሩ፤ የካፒቶል ጉልላት ገና በግንባታ ላይ ነበር። ሥርዓቱ አልጎደለም። ነገር ግን ሰባት ግዛቶች ቀድመው ተገንጥለዋል፤ ከ39 ቀን በኋላ በፎርት ሰምተር የመጀመሪያው ተኩስ ተከፈተ። ሊንከንን ያስማሏቸው ዋና ዳኛ ሮጀር ቴኒም በ1857 ጥቁሮች የአሜሪካ ዜጋ ሊሆኑ አይችሉም ብለው የፈረዱ ሰው ነበሩ። የካፒቶልን ሕንጻም ከሠሩት እጆች መካከል የባሮች እጆች ነበሩ። እንግዲህ የተሰናባቹ መገኘት ጦርነት አያስቀርም፤ ይህን መቀበል አለብኝ። በዓሉ የሚያስተሳስረው በአንድ ጣሪያ ሥር ለመኖር የተስማሙትን ነው። ማን ሰው ነው፣ ማን ዜጋ ነው በሚለው ያልተስማማን አገር አንድ የሠረገላ ጉዞ ሊጠግነው አይችልም። በባለጸጎችና በኩባንያዎች መዋጮ ስለሚደገሰው ድግስ የሚነሣውም ትችት ትክክል ነው፤ ጭፈራው በሙሉ ቢቀር እኔ ከምሟገትለት ነገር የሚጎድል የለም።

ዋሽንግተንና አካባቢዋ ከአገር ውጭ ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። ከአብዮቱ በኋላ ወደዚያ የተሰደደው ሰው ይህን በዓል ሲያይ የሚያስታውሰው የሥልጣን ለውጥ ሌላ መልክ አለው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው የወጡት በቮልስዋገን ነው። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም አገር ጥለው በረሩ። ከወጪው ወደ ገቢው የተላለፈ ቃል አልነበረም። መጋቢት 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ኃይለማርያም ደሳለኝ በሕይወት እያሉ ሥልጣናቸውን በምክር ቤት ፊት ሲያስረክቡ ብዙ ሰው ዓይኑን ከሚረከበው ይልቅ በሚያስረክበው ላይ ያሳረፈው ለዚህ ይመስለኛል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ብሂላችን መሻርን የሚያውቀው እንደ ጸጸት ነው። ከሥልጣን ወርዶ በክብር መቀመጥ የሚባል ነገር እንዳለ አይነግረንም። የአሜሪካው ተሰናባች ወንበር ለእኛ ተመልካቾች ባዕድና አስገራሚ የሚሆነው፣ የምንቀናበትም፣ ከዚህ የተነሣ ነው።

በዚያች ቀን ዋይት ሐውስ ውስጥ የቤቱ ሠራተኞች በጥቂት ሰዓታት የአንዱን ቤተሰብ ልብስና ዕቃ አውጥተው የሌላውን ይሰቅላሉ፣ ይደረድራሉ። ከ1989 ጀምሮ ደግሞ ወጪው ፕሬዚዳንት በጽሕፈት ጠረጴዛው ላይ ለገቢው ደብዳቤ ትቶ መሄዱ ልማድ ሆኗል። ጆርጅ ኸርበርት ቡሽ በ1993 ላሸነፏቸው ቢል ክሊንተን በተዉት ደብዳቤ የእርሳቸው መሳካት የአገሪቱ መሳካት እንደሆነ ጽፈው መልካም ተመኝተውላቸዋል። ካፒቶል ላይ ደግሞ መሐላውና ንግግሩ ካበቃ በኋላ አዲሱ ፕሬዚዳንትና ባለቤቱ ተሰናባቾቹን በምሥራቅ በኩል ባለው ደረጃ እስከ ታች ይሸኟቸዋል። እዚያ ሄሊኮፕተር ቆሟል። ፕሬዚዳንት በተሳፈረበት ጊዜ የጥሪ ስሙ «ማሪን ዋን» ነው። በዚያ ቀን ከእኩለ ቀን በኋላ ያንኑ ሰው አሳፍሮ ሲነሣ ግን ስሙ ሌላ ነው። ሸኚዎቹ ጉልላቱን አልፎ እስኪሄድ ድረስ ደረጃው ላይ ቆመው እጃቸውን ያውለበልባሉ።