ከፎክስፕሮ ወደ ፖስትግሬስ፦ የፃግብጂ ስም እንዴት ይሻገራል?



ማይክሮሶፍት የቪዡዋል ፎክስፕሮ 9ኛው ስሪት የመጨረሻው መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2007 አስታወቀ፤ ድጋፉም እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2015 አበቃ። ፕሮግራሙ ግን በዚያ ቀን ሥራ አላቆመም። ሽግግሩ ከዓመት ወደ ዓመት የሚገፋውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ሰንጠረዦቹን መገልበጥ ቀላሉ ክፍል ነው፤ የዲቢኤፍ ፋይል አወቃቀር የታወቀ በመሆኑ ፖስትግሬስን ወደመሰለ ሥርዓት ማስገባት ብዙ አያደክምም። የሚያደክመው በውስጡ ያለው ጽሑፍ ነው። በዋግ ኽምራ የሚገኘውን የፃግብጂ ወረዳን ስም ለአብነት እንውሰድ። ፎክስፕሮ እያንዳንዱን ምልክት በመሠረቱ በአንድ ባይት ይይዛል፤ ይህም ከ256 ምልክት አያልፍም። የአማርኛ መሠረታዊ ፊደላት ብቻ 33 በ7፣ ማለትም 231 ናቸው። ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና የላቲን ፊደላት ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። ስለዚህ ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝን ፊደል ከማካተቱ በፊት፣ አንዳንድ የአማርኛ መጻፊያዎች አንዱን ፊደል ከግንድና ከቅጥያ ያገጣጥሙት ነበር። ፎንቱ ሲነሣ «ፃግብጂ» የተዘበራረቁ የላቲን ምልክቶች ሆኖ ይቀራል።

መፍትሔው የመለወጫ ሰንጠረዥ ማዘጋጀት ነው፤ ሁለት ምልክት ያላቸው ጥምረቶች አስቀድመው ይለወጣሉ፣ ነጠላዎቹ ይከተላሉ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ቅጥያዎቹ ያለ ግንድ ይቀራሉ። ለስም የተመደበው ቦታ 20 ባይት ከሆነና ረጅም ስም መጨረሻው ላይ ከተቆረጠ ግን የትኛውም ሰንጠረዥ አይመልሰውም። ያ ስም ያለው በወረቀቱ መዝገብ ላይ ብቻ ነው።

ፊደሉ ከዳነ በኋላ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። «ፃግብጂ» እና «ጻግብጂ» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሁለት ወረዳዎች ናቸው። «ፀሐይ» የሚለው ስም ሁለቱን ጸ እና ሦስቱን ሀ በማፈራረቅ ብቻ በ6 መንገድ ይጻፋል። ብዙ ፕሮግራመሮች ሁሉንም ወደ አንድ አጻጻፍ መለወጥ ይቀናቸዋል። እኔ በወረዳ ስም ላይ እስማማለሁ፤ በሰው ስም ላይ ግን እቃወማለሁ። አርሶ አደሩ በእጁ የያዘው የመሬት ይዞታ ደብተር አንድ አጻጻፍ፣ አዲሱ ሥርዓት ሌላ ካሳየ፣ በውርስ ክርክር ጊዜ የማስረዳቱ ሸክም በእርሱ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የተጻፈው ስም እንዳለ ይቀመጥ፤ ለፍለጋ የሚያገለግለው ወጥ አጻጻፍ በተለየ ዓምድ ይጨመር።

የቀኑ ጉዳይ ደግሞ ይበልጥ ስውር ነው። የኢትዮጵያን ቀን በፈረንጆች የቀን ዓምድ ውስጥ በቀጥታ የሚያስገባ ጸሐፊ ጥቅምት 30ን ማስገባት አይችልም፤ ፕሮግራሙ ፌብሩዋሪ 30 ነው ብሎ ይመልሰዋልና። ጳጉሜንም 13ኛ ወር ስለሆነች አይቀበልም። ጸሐፊው ሥራው እንዳይቆም ቀኑን ወደ ኅዳር 1 ወይም ወደ መስከረም 1 ሊገፋው ይችላል። እነዚህ ቀናት በሰንጠረዡ ውስጥ ከጎረቤቶቻቸው እጅግ በዝተው ከተገኙ፣ ወደ አዲሱ ቋት ከመጫናቸው በፊት እያንዳንዱ ከወረቀቱ መዝገብ ጋር ይመሳከር።