መኪናው ተቀየረ፣ ምክሩ ግን አልተቀየረም

የመኪና ምክር በነፃ ይገኛል። ጎሚስታ ቤት ጎማ እስኪነፋ፣ ማደያ ሰልፍ ላይ ተራ እስኪደርስ፣ ጋራዥ በር ላይ ሻይ እስኪጠጣ ድረስ አጠገብዎ የቆመ ሰው ሁሉ የሚለው አያጣም። ከሚባለውም ብዙው በአንድ ወቅት እውነት ነበር። በካርቡሬተር ይሠሩ በነበሩት ፊያቶችና ቮልስዋገኖች ዘመን ሹፌሮች በልምድ ያገኙት፣ ለረዳቶቻቸውም ያወረሱት ዕውቀት ነው። ያኔ ልክ የነበረው ግን ዛሬ ቪትዝ ወይም ዲዛየር ላይ ሲሠራ አንዳንዱ ኪስ ያራቁታል፣ አንዳንዱ ደግሞ ሰው ይገድላል።

«ቁልቁለት ላይ ፎሌ አድርገህ ልቀቀው፣ ነዳጅ ትቆጥባለህ»

ከሁሉም ሥር የሰደደው ይኸኛው ነው፤ ከሁሉም አደገኛውም እሱ ነው። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ሲወረድ ማርሹን ዜሮ አድርገው መኪናውን በክብደቱ የሚለቁ ዛሬም አሉ።

በካርቡሬተር ሞተር ስሌቱ ያስኬድ ነበር። ሞተሩ በማርሽ ተይዞ ሲወርድ በፍጥነት ይዞራል፤ ሲዞር አየር ይስባል፣ አየሩም ቤንዚን ይዞ ይገባል። ፎሌ ሲሆን ሞተሩ ይረጋጋል፣ የሚስበውም ይቀንሳል። ኢንጄክሽን ያለው መኪና ግን ነዳጁን የሚያዘው ኮምፒውተር ነው። ሹፌሩ እግሩን ከነዳጅ ፔዳል አንሥቶ መኪናው በማርሽ ሲወርድ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። ኮምፒውተሩ ይህን ስለሚያውቅ ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋዋል፤ ፍጆታው ዜሮ ይሆናል። ፎሌ ከገባ ሞተሩን የሚያዞርለት ስለሌለ እንዳይጠፋ ነዳጅ መርጨት አለበት። አነስተኛ ሞተር መኪናው ቆሞ ሲሠራ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ገደማ ይጨርሳል። ፍሬን በሚያስይዝ ቁልቁለት ላይ ፎሌ የሚያደርግ ሰው እንግዲህ ቆጠብኩ እያለ የሚያቃጥል ነው።

የነዳጁስ ትንሽ ነገር ነው፤ ዋናው ፍሬኑ ነው። 1,200 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ከ30 ሊትር በላይ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። የአባይ በረሃ ቁልቁለት ደግሞ ከ1,000 ሜትርም ያልፋል። ከዚህ ኃይል ከፊሉን ነፋሱና መንገዱ ይወስዱታል። መኪናው በማርሽ ከተያዘ ሞተሩም ብዙውን ይሸከማል። ፎሌ ከሆነ ግን የቀረው ሁሉ የሚያርፈው በፍሬን ሸራው ላይ ነው። ሸራው ከልክ በላይ ሲግል መያዝ ይሳነዋል። ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ሲደርስ ደግሞ ዘይቱ ይፈላል፣ አረፋ ይሠራል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ሰተት ብሎ ወለል ይነካል። «ፍሬን እምቢ አለ» ተብሎ ከሚነገረው አደጋ አንዳንዱ እምቢታው የጀመረው ከቁልቁለቱ አናት ላይ፣ ማርሹ ዜሮ በገባበት ቅጽበት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጋራዥ የሚዘለውን ነገር ማንሣት ያስፈልጋል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። «ዶት 3» የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አይፈላም። እርጥበት ሲጠጣ ግን መፍያው እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር የሚባለው ለዚህ ነው። የእኛ ልማድ ግን «ጎድሏል፣ ሙላው» ነው። መሙላት አሮጌውን አያድስም፤ እንዲያውም ዘይቱ ለምን እንደጎደለ ይደብቃል። የፍሬን ዘይት እንደ ነዳጅ አያልቅም። ከጎደለ ወይ ሸራው አልቋል፣ ወይ የሆነ ቦታ ይፈስሳል።

ሞተሩን አጥፍቶ መውረድ ደግሞ የባሰ ነው። ፍሬኑን የሚያግዘው መሣሪያ ጉልበቱን የሚያገኘው ከሞተሩ ነው፤ ሞተሩ ሲጠፋ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። መሪውም ይከብዳል፤ ቁልፉ ከተነቀለ ጭራሹን ሊቆለፍ ይችላል።

ታዲያ ከድሮው ምክር ሁሉም አይጣልም። የከባድ መኪና ሹፌሮች «ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ» ይሉ የነበረው ዛሬም ልክ ነው። በአውቶማቲክ ከሆነ «ኤል»፣ «2» ወይም «ቢ» የተጻፈበት ላይ ማድረግ ነው። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ከመጣ ዳር ይዞ ቆሞ ማብረድ እንጂ ውሃ መድፋት የለም።

የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለበት ከጥር 2016 ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች በዚህ በኩል ዕድለኞች ናቸው፤ ሲወርዱ ሞተራቸው ጀነሬተር ሆኖ ባትሪውን ይሞላል፣ መኪናውንም ይይዛል። አንድ ነገር ብቻ ይታወቅ፦ ባትሪው አናት ላይ 100 በመቶ ሞልቶ ከተነሡ የሚሞላ ቦታ ስለሌለ ያ እገዛ ይቀንሳል፣ ሥራው ወደ ተራው ፍሬን ይመለሳል። ረጅም ቁልቁለት የሚጠብቀው ሰው ጥቂት ጎደል አድርጎ ቢነሣ ይሻላል።

«ቀበቶ ለትራፊክ ፖሊስ ነው»

ይህን በአፉ የማይለው በእጁ ይለዋል። ፖሊስ ሲታይ ቀበቶውን ትከሻ ላይ ጣል ያደርጋል፤ ወይም ጩኸቱን ዝም ለማሰኘት ባዶ መቆለፊያ ገዝቶ ይሰካል። ምክንያቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ከተማ ውስጥ ነኝ፣ ከ40 አልበልጥም።»

በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከግንብ ጋር መጋጨት ከ6 ሜትር ከፍታ ላይ ከመውደቅ ጋር እኩል ነው። በ50 ከሆነ ወደ 10 ሜትር፣ ማለት ሦስተኛ ፎቅ ይጠጋል። ከዚያ ላይ ሲወድቅ በእጁ ተደግፌ እድናለሁ የሚል ሰው የለም፤ መሪ ተደግፌ እይዘዋለሁ የሚል ግን ሞልቷል። ሕፃን ታቅፎ ፊት ወንበር መቀመጥም ያው ነው። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና በግጭት ሲቆም 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከ150 ኪሎ በላይ ሆኖ ከእቅፍ ይወጣል። የእናት ፍቅር የቱንም ያህል ቢበረታ ክንዷ ያንን አይችልም። ልጅ ኋላ፣ በልጅ መቀመጫ ነው ቦታው።

ኋላ የተቀመጠ ቀበቶ አያስፈልገውም የሚለውም እንዲሁ ነው። ያልታሰረ የኋላ ተሳፋሪ በግጭት ጊዜ የሚያርፈው ከፊቱ ባለው ሰው ጀርባ ላይ ነው። ባለሦስት መያዣውን ቀበቶ የሠራው የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦህሊን ነው፤ ጊዜውም በአውሮፓውያን 1959። ኩባንያው የፈጠራ መብቱን ለሌሎች አምራቾችም ክፍት አድርጎታል። ከዚያ ወዲህ ሕይወት በማዳን የሚስተካከለው የመኪና ዕቃ ማግኘት ያስቸግራል፦ የዓለም ጤና ድርጅት በፊት ወንበር ላይ የሞትን አደጋ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ይናገራል። «ቀበቶ ስላላሰርኩ ተወርውሬ ዳንኩ» የሚል ወሬ ይሰማል። ከመኪና ተወርውሮ የወጣ ሰው በውስጡ ታስሮ ከቀረው ይልቅ የመሞት ዕድሉ እጅግ ይበልጣል።

«ኤርባግ አለኝ» የሚለው መልስ ደግሞ ሁለት ጉድለት አለበት። ኤርባጉ የተሠራው ታስሮ ለተቀመጠ ሰው ነው፤ ወደ መሪው የተጠጋን ያልታሰረ ሰው ፊቱን ሊሰብረው ይችላል። ሁለተኛ፣ መኖሩን በምን አወቁ? ተጋጭቶ ኤርባጉ የፈነዳበት መኪና ሽፋኑ ብቻ ተሰፍቶ፣ የማስጠንቀቂያው መብራት አምፖል ተነቅሎ ሊሸጥ ይችላል። ቁልፉን ሲያዞሩ ዳሽቦርዱ ላይ የኤርባግ ምልክት ለጥቂት ሰከንድ በርቶ መጥፋት አለበት። ጨርሶ ካልበራ ወይም በርቶ ከቀረ ግዢውን ያቁሙ። የጃፓኑ ታካታ የሠራቸው ኤርባጎች ደግሞ ሙቀትና እርጥበት ሲያስረጃቸው የብረት ስባሪ እየረጩ ሰው ስለገደሉ በአሜሪካ ብቻ ወደ 67 ሚሊዮን የሚሆኑ ለቅያሪ ተጠርተዋል። ከተጠሩት መካከል ኮሮላና ያሪስ አሉ። የሻንሲ ቁጥሩን አምራቹ ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ ማየት ገንዘብ አይጠይቅም።

ጎማ፣ ዘይት፣ ውሃ

«በክረምት ጎማ ቀነስ አድርግ፣ ይቆነጥጣል።» ተቃራኒው ነው። የጎደለ ጎማ መሃሉ ይሰረጉድና ውሃውን ወደ ጎን መግፋት ያቅተዋል፤ ውሃ ላይ መንሳፈፍም ይቀድመዋል። ልኩ የተጻፈው በሹፌሩ በር መቃን ላይ ነው። ጎማው ጎን ላይ ያለው ቁጥር ጎማው የሚችለው ከፍተኛ ልክ እንጂ የእርስዎ መኪና ልክ አይደለም። «ጥርሱ ስላልተበላ አዲስ ነው» የሚባል ጎማም ዕድሜው ይታይ፦ ጎኑ ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይነግራሉ፤ 2319 ማለት የ2019 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት ነው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር።

የሞተር ዘይት ጠቆረ ማለት ተበላሸ ማለት አይደለም፤ ቆሻሻ እያጠበ ነውና ሥራውን እየሠራ ነው። የሚቀየረው በኪሎ ሜትርና በጊዜ ነው። በአቧራማ መንገድና በከተማ መጨናነቅ የሚሠራ መኪና ግን መመሪያው ለከባድ አገልግሎት የሚለውን አጭሩን ልክ ይከተል።

ራዲያተር ውስጥ የቧንቧ ውሃ መጨመር ለአንድ ቀን ችግር ይሁን። ከዚያ በላይ ግን ኩላንት ከዝገት የሚጠብቀውን ያህል ውሃ ያዝገዋል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ መሆኑም አይረሳ፤ ክዳኑ ላልቶ ግፊቱን ካልያዘ ሞተሩ በመደበኛ ሙቀቱ ላይ ሳለም ሊፈላ ይችላል። ክዳኑን ትኩስ እያለ አይክፈቱ።

ማለዳ ቤንዚን ስለሚወፍር በማለዳ ቅዳ የሚለውን እንለፈው። ታንከሩ መሬት ውስጥ የተቀበረ ነው፣ ሙቀቱ ከጧት እስከ ማታ ብዙ አይለዋወጥም።

«መኪና አይከስርም»፣ «ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ»

እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ ያመጣኋቸው አንዱ ሌላውን ስለሚበላው ነው።

በሌላው ዓለም አዲስ መኪና ከመሸጫው ሲወጣ ዋጋው ይወርዳል። እኛ ዘንድ አምስት ዓመት ተነድቶ ከተገዛበት በላይ ይሸጣል፤ ስለዚህ ሰው መኪናን እንደ ቁጠባ ያየዋል። ብሩን ብቻ ለሚቆጥር እውነት ይመስላል። ነገር ግን ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የመኪናው ዋጋ «ጨመረ» የሚባለው የብሩ አቅም ስለቀነሰ ነው፤ መኪናውማ በአምስት ዓመት አርጅቷል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ዛሬ ሸጠውት በገንዘቡ ያኔ የገዙትን ያህል ያልተነዳ መኪና መግዛት ይችላሉ? ካልቻሉ ከስረዋል። ኪሳራው መልካም ኪሳራ ሊሆን ይችላል፣ መኪናው አገልግሏልና፤ ትርፍ ግን አይባልም።

አሁን ወደ መድኑ። ሕግ የሚያስገድደው የሦስተኛ ወገን መድን የእርስዎን መኪና አይጠግንም፤ በእርስዎ መኪና ለተጎዳው ሌላ ሰው ነው። ይህን ብዙው ያውቃል። ብዙው የማያውቀው «ሙሉ» የሚባለው መድን ሙሉ የሚሆነው ውሉ ላይ የተጻፈው ዋጋ የመኪናው የዛሬ ዋጋ ሲሆን ብቻ መሆኑን ነው። በየዓመቱ ለመድኑ የሚከፍለው ዓርቦን እንዳይጨምር በሚል በአሮጌው ዋጋ የሚያድስ ሰው በሕጉ ለልዩነቱ ራሱ መድን ሰጪ እንደሆነ ይቆጠራል።

በምሳሌ እንየው። ገበያ ላይ 2.4 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና ውሉ ላይ 1.2 ሚሊዮን ተብሏል። ተጋጭቶ ጥገናው 300,000 ብር ቢፈጅ ባለቤቱ የሚጠብቀው 300,000 ነው፤ የተጻፈው የዋጋው ግማሽ ስለሆነ ግን የመድን ድርጅቱ ድርሻ 150,000 ይሆናል። ከዚያም ላይ ባለቤቱ ከራሱ ኪስ ይሸፍን ተብሎ ውሉ ላይ የተቀመጠው ይቀነሳል። በዓርቦን የተቆጠበችው ገንዘብ በአንድ ግጭት ትሄዳለች። መኪናው ዋጋው በናረ ቁጥር ክፍተቱ ይሰፋል፤ ባለቤቱን ያስደሰተው ጭማሪ ነው መድኑን ያጎደለው።

የቤት መኪና ተብሎ መድን የተገባለትን በትርፍ ሰዓት በሜትር ታክሲ ሥራ ማሰማራትም፣ መንጃ ፈቃዱ ላልታደሰ ዘመድ ቁልፍ መስጠትም ካሳ ሊያስከለክሉ የሚችሉ ነገሮች ናቸው። እነዚህ የተጻፉት ማንም በማያነበው የውሉ ገጽ ላይ ነው።

ውሉን ዛሬ ከመሳቢያ ያውጡትና የመኪናው ዋጋ ተብሎ የተሞላውን ቁጥር ያንብቡ። ከገበያው የሚያንስ ከሆነ የእድሳቱን ቀን ሳይጠብቁ ለመድን ድርጅትዎ ይደውሉና እንዲስተካከል ይጠይቁ፤ የዋጋ ማስተካከያ በዓመቱ አጋማሽም ይደረጋል።