የወገብ ሕመም ሁሉ የድካም አይደለም

ደብተርና እርሳስ ያዙ። የዛሬው ቃላችን «ወገብ» ነው።

ከቆላው እህል ተሸክሞ አቀበቱን ወደ ካቺሲ ገበያ የወጣ፣ ጤፍ ሲያጭድ ያጎነበሰ፣ እንስራ አዝላ የመጣች፣ ማታ ወገባቸውን ቢያማቸው አያስደንቅም። እንዲህ ያለው ሕመም ሲያርፉ ይቀላል፤ ብዙውን ጊዜም በጥቂት ሳምንት ይለቃል። ታዲያ የወገብ ሕመምን ሁሉ «ከድካም ነው» ብለን እንለፈው? አይሆንም!

በአገራችን በቶሎ ልንጠረጥረው የሚገባ አንድ በሽታ አለ፤ የአከርካሪ ነቀርሳ ነው። ቲቢ ሳንባን ብቻ የሚይዝ ይመስለናል። ነገር ግን ተሕዋሲው በደም ተጉዞ አከርካሪ ውስጥ ገብቶ አጥንቱን ቀስ በቀስ ሊበላው ይችላል። የተበላው አጥንት ሲደረመስ ጀርባ ይጎብጣል። ከአንጎል ወደ እግር ትእዛዝ የሚያደርሰው ሕብለ ሰረሰር ሲጫን ደግሞ እግር ይዝላል። እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት ጉብጠቱንና የእግር ሽባነቱን አያይዞ የጻፈው በ1779 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ መድኃኒት አልነበረውም፤ ዛሬ አለው። በሽተኛው ሳል ላይኖረው ስለሚችል «እኔ አላስልም» ብሎ መዘናጋት አይገባም።

እንግዲህ ምልክቶቹን ጻፉ።

አንደኛ፦ ቢያርፉም የማይቀል፣ ሌሊት የሚብስ፣ ሳምንታት አልፎትም የሚጨምር ሕመም።

ሁለተኛ፦ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት።

ሦስተኛ፦ አከርካሪ ላይ አዲስ የወጣ ጉብታ።

አራተኛ፦ ከመውደቅ በኋላ የመጣ፣ ወይም ካንሰር ይዞት የሚያውቅ ሰው ላይ የተነሣ ሕመም።

አምስተኛ፦ የእግር መዛል፣ የመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ፣ ሽንት እምቢ ማለት ወይም ማምለጥ። ይሄ ለነገ አይባልም! በዚያው ቀን ወደ ቅርብ ሆስፒታል፣ ካስፈለገም ወደ አምቦ መውሰድ ነው።

ወጌሻ ወለምታ በማሸት ይመሰገናል። ነቀርሳ የበላው አከርካሪ ግን በጉልበት ቢታሽ ወይም ቢረገጥ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ እነዚህ ምልክቶች ካሉ ከማሸት በፊት ምርመራ ይቅደም።

የነቀርሳ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል። ለአጥንት ሲሆን ሕክምናው ብዙ ጊዜ እስከ 12 ወር ይዘልቃል። «ተሻለኝ» ብሎ ማቋረጥ በሽታውን መልሶ መቀስቀስ ነው። ወተትም አፍሉ፤ በጥሬ ወተት የሚተላለፉ የከብት በሽታዎች፣ ለምሳሌ ብሩሴሎሲስ፣ ትኩሳትና የወገብ ሕመም ያመጣሉ።

ማንበብና መጻፍ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ቤተሰቡን ይርዳ። ሕመሙ የጀመረበትን ቀንና ያያችሁትን ምልክት በወረቀት ጽፋችሁ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም ለሐኪሙ ስጡ።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
1. ከድካም የመጣ የወገብ ሕመም በምን ይለያል?
2. በዚያው ቀን ሆስፒታል የሚያስኬደው የትኛው ምልክት ነው?
3. በየቤታችሁ ከወር በላይ ወገቡን የሚያመው ሰው አለ? ዛሬ ማታ ጠይቁት።