በውኃ የሚበጠበጥ የማሸጊያ ቅብ አያያዝና አጠባበቅ

ቤትን፥ ጎተራንና የውኃ ማጠራቀሚያን ከዝናብና ከፍሳሽ መጠበቅ ለከተማ ነዋሪም ሆነ ለገበሬ ትልቅ ጉዳይ ነው። የአገራችን ገበሬ ጎተራውን በእበትና በጭቃ እየለቀለቀ እህሉን ከርጥበትና ከነቀዝ ሲከላከል ኖሯል። የሱዳን ባላገርም ዚባላ በሚባለው፥ የከብት ፋንድያ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ከተብላላ በኋላ በሚሠራው ልስን፥ ክረምት ሳይገባ ጣሪያውንና ግድግዳውን ያድሳል። ዛሬ ግን ለዚሁ ሥራ በፋብሪካ የተዘጋጀ፥ በውኃ የሚበጠበጥ የማሸጊያ ቅብ በየገበያው ስለሚገኝ፥ አያያዙን ማወቅ ለሁሉም ይጠቅማል።

ከካርቱም መኻል ወደ ደቡብ የሚገኘው ሳጃና ስሙን ያገኘው ከወህኒ ቤት ጠባቂዎች ሲሆን፥ የታወቀው ግን በሕንፃ ዕቃ ገበያው ነው። ሲሚንቶው፥ ብረቱ፥ ቀለሙና የማሸጊያው ቅብ በአንድነት የሚሸጥበት ስፍራ ነበር። በአጠገቡ ባለው በዴም ሰፈር ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖሩ ስለነበር፥ ገበያው ለወገኖቻችን እንግዳ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር ሚያዝያ 2023 ዓ.ም. በከተማው ጦርነት ተነሥቶ ሕዝቡ ተበተነ፤ በ2025 ዓ.ም. ከመጋቢት ወር ወዲህ ግን ብዙዎች ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። የተመለሰ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው የተበሳ ጣሪያውን መድፈን ነው። በዚያ ከተማ ዝናብ ጥቂት ቢሆንም ሲመጣ በኃይል ይመጣል፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ነሐሴ 1988 ዓ.ም. በአንድ ቀን 200 ሚሊ ሜትር ያህል ዘንቦ ብዙ የጭቃ ቤቶችን አፍርሷል፤ ይኸውም ከተማው በዓመት ከሚያገኘው አማካይ ዝናብ የሚበልጥ ነበር።

ይህ ቅብ ምንድን ነው? ሬንጅ ወይም እንደ ጎማ የሚለጠጥ ሠራሽ ነገር እጅግ ደቃቅ ሆኖ በውኃ ውስጥ የተበተነበት ፈሳሽ ነው። ነጠብጣቦቹ እርስ በርሳቸው እንዳይያያዙ የሚያደርግ፥ የሳሙና ጠባይ ያለው ነገር ተጨምሮበታል። ቅቡ በጣሪያው ላይ ሲቀባ ውኃው ይተናል፤ ነጠብጣቦቹም ተቀራርበው ይዋሐዱና ውኃ የማያሳልፍ ሽፋን ይሆናሉ። ቅቡ በጣሳው ውስጥ ሳለ የሚበላሸውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ውኃው በሙቀት ቢጎድል ወይም በብርድ ቢረጋ ነጠብጣቦቹ ያለ ጊዜያቸው ይያያዛሉና፥ የረጋ ወተት ወደ ነበረበት እንደማይመለስ ሁሉ እርሱም አይመለስም።

እንግዲህ በሚቀመጥበት ጊዜ የሚከተለውን መጠበቅ ያስፈልጋል።

1ኛ/ ብዙዎቹ አምራቾች ቅቡ ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት እንዲቀመጥ ያዛሉ። በካርቱም በግንቦት ወር የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ፥ በፀሐይ ላይ ወይም በቆርቆሮ መጋዘን ማቆየት ያበላሸዋል። በአንጻሩ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ደጋ አገር የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ያረጋዋል። ስለዚህ ጥላና ነፋስ ያለው፥ ግንቡ ወፍራም የሆነ ክፍል ይመረጥ።

2ኛ/ ክዳኑ ዘወትር ይጠበቅ፤ ጣሳውም ከመሬት ከፍ ብሎ በሳንቃ ላይ ይቀመጥ። አስቀድሞ የተገዛው አስቀድሞ ይሠራበት። ክዳኑ ያልተከፈተ ቅብ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር ይቆያል፤ በጣሳው ላይ የተጻፈውን ቀን መመልከት ይገባል። ጣሳው ያበጠ፥ ቅቡ የሸተተ ወይም ሲማሰል የማይሟሟ ጓል የያዘ እንደ ሆነ መበላሸቱን ያመለክታል።

3ኛ/ ከእህል፥ ከዘርና ከከብት መኖ ጋር በአንድ ክፍል አይቀመጥ፤ ልጆችም አይድረሱበት።

በሥራ ጊዜ ደግሞ ቅቡን በዝግታ ማማሰል እንጂ ቤንዚን ወይም ነጭ ጋዝ መጨመር ፈጽሞ አይገባም። እነዚህ ቅቡን ያፈርሱታል፤ እሳትም ያስከትላሉ። ቅቡ እርጥብ ሳለ ባይቀጣጠልም፥ ከደረቀ በኋላ የሚነድ መሆኑን አለመዘንጋት ነው። የሁለት ፋብሪካ ቅብም አይቀላቀል። ጣሪያው ከአቧራ ከጸዳ በኋላ ማለዳ ወይም ወደ ማታ ይቀባ፤ በቀትር የጋለ ቆርቆሮ ላይ የተቀባ እንደ ሆነ ላይኛው ፈጥኖ ይደርቅና ከሥሩ የቀረው ውኃ እያፈላ ሽፋኑን ያሳብጠዋል። ከተቀባ በኋላም ቢያንስ 24 ሰዓት ዝናብ እንዳይነካው፥ ሥራውን ክረምት ሳይገባ መፈጸም ይበጃል።

በውኃ የሚበጠበጥ ስለ ሆነ ጉዳት የለውም ማለት ስሕተት ነው። እንዳይሸት የሚጨመርበት መድኃኒት የአንዳንዱን ሰው ቆዳ ያሳክካል፤ ያቆስላልም። ስለዚህ የእጅ ጓንት ማጥለቅ ይገባል። ቆዳ የነካው በውኃና በሳሙና ይታጠብ እንጂ በቤንዚን አይፈተግ። ዓይን የገባው እንደ ሆነ 15 ደቂቃ ያህል በንጹሕ ውኃ አጥቦ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። የዋጠ ሰው ቢኖር እንዲያስታውክ አይገደድ፤ ጣሳው ተይዞ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። ብሩሹም ሳይደርቅ በባልዲ ይታጠብ፤ እጣቢው ግን ወደ መስኖ ቦይ ወይም ወደ ወንዝ አይደፋ፤ ዓሣንና ከብትን ይጎዳልና።

ከሁሉ ይልቅ ማስጠንቀቅ የምንወደው ስለ ባዶው ጣሳና በርሜል ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ግንቦት 2025 ዓ.ም. በካርቱም የመብራትና የውኃ አገልግሎት ተቋርጦ የኮሌራ በሽታ በበረታ ጊዜ፥ ንጹሕ የውኃ ዕቃ ምን ያህል ሕይወት እንደሚያድን ታይቷል። በእንዲህ ያለ ችግር ጊዜ ሰው ያገኘውን ዕቃ ሁሉ ለውኃ ማንሣቱ አያስደንቅም፤ ነገር ግን የቅብ ዕቃ በዘይትም ሆነ በአመድ ቢታጠብ ለመጠጥ ውኃ፥ ለወተትና ለጠላ አይሆንም። ባለቤቱ ወዲያው ይብሳው። የመጠጥ ውኃ ማጠራቀሚያ የሚያሽግ ሰውም ለመጠጥ ውኃ የተፈቀደ መሆኑ በጣሳው ላይ የተጻፈበትን ቅብ ብቻ ይግዛ፤ ነጋዴውም ይህን ሳይደብቅ ይንገረው።

የገዛነው ዕቃ የሚጠቅመን አያያዙን ባወቅን መጠን ነው። ጣሪያን ከዝናብ ሲጠብቁ የውኃ ዕቃን እንዳይመርዙ፥ ገበሬውም የከተማው ነዋሪም ይህን ምክር ለጎረቤቱ ያካፍል።