በጆሮ ብቻ የምንጫወተው ጌም

ምስል የሌለው ጌም አለ ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እኔ አላመንኩም ነበር።

አንዱ «ኤ ብላይንድ ሌጀንድ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የፈረንሳዮች ሥራ ነው። ተጫዋቹ ዓይነ ስውር ተዋጊ ይሆናል፤ ልጁ ሉዊዝ በድምጿ እየመራች ትወስደዋለች። ጠላት በግራ ሲመጣ ድምፁ በግራ ይሰማል፤ ያኔ ስልኩ ላይ ጣታችንን ወደ ግራ እናንሸራትታለን።

ይህ እንዴት ይሆናል? ከቀኝ የመጣ ድምፅ ቀኝ ጆሯችን ጋ ትንሽ ቀድሞና ጎላ ብሎ ይደርሳል። አእምሯችን በዚህ ልዩነት አቅጣጫውን ያውቃል። ጌሙም ይህንኑ ልዩነት በኢርፎን ለሁለቱ ጆሮዎች ይሰጣል። ስለዚህ በአንድ ጆሮ ብቻ አይሆንም፤ ግራና ቀኙን ካቀያየራችሁትማ አለቀላችሁ!

ቅዳሜ በአጎቴ ልጅ ስልክ ሞከርኩት፤ ቶሎ ቶሎ ሞትኩ። ከዚያ ለሰፈራችን ልጅ ሰጠሁት። እሱ ዓይነ ስውር ነው። ሁልጊዜ እኛ ስንጫወት አጠገባችን ቁጭ ብሎ «አሁን ምን ሆነ?» ይለን ነበር፤ አንዳንዴም አንመልስለትም። ያን ቀን ግን ኢርፎኑን አድርጎ ሲጫወት እኛ ከበነው «ምን ሆነ? ንገረን እንጂ!» አልን። እሱ ሁሉንም ነገረን።